ፊርማ አይረሳም፦ «በታሪክ አይቀለድም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ይህን አንብበህ ዝም ማለት አለ እንዴ?» የሚል መልእክት አስከትሎበታል። ጽሑፉ «በታሪክ አይቀለድም» ይላል። የሚናገረው ስለ አንድ የቆየ የአሜሪካ የቀልድ ሸክላ ነው። ስታን ፍሪበርግ የተባለው ኮሜዲያን በ1961 በካፒቶል ሪከርድስ በኩል ያወጣው አልበም ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) የአሜሪካን ታሪክ ከኮሎምበስ ጀምሮ እስከ ነጻነት ጦርነቱ ድረስ በጭውውትና በዘፈን ይተርካል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስታን ፍሪበርግ የሚያቀርብላችሁ ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ፣ ቅጽ አንድ፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት» እንደ ማለት ነው።

የጸሐፊው ክስ አምስት ነው። አልበሙ ለልጆች የተሳሳተ ታሪክ ያስተምራል። በነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች ላይ ያላግጣል። አገር ያቆሙ ሰዎችን ያዋርዳል። ዘፈኖቹ የማስታወቂያ ሠራተኛ ዜማ እንጂ ጥበብ አይደሉም። አምስተኛው ለእኛ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህን መሰል ሥራ በኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ካሉ እጃቸውን ይሰብስቡ ይላል።

ጸሐፊውን አላውቀውም። አገሩን የሚወድ ሰው መሆኑን ግን ከአጻጻፉ አይቻለሁ። ስለዚህ የምመልስለት በአክብሮት ነው። አንዱ ነጥብ ላይ በከፊል እስማማለሁ፤ እዚያ ስደርስ አልደብቅም። በቀሩት ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ደግሞ በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሸክላ ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር አድርጓል።

ያገኘሁት ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው። ሽፋኑ ጥግ ጥጉ ተልጧል። መርፌው ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚሰማው ጭርጭርታ ነው። ከዚያ ሙሉ ኦርኬስትራ ይነሳል። ቀጥሎ የተራኪው የፖል ፍሪስ ወፍራም ድምፅ ይመጣል። ድምፁ የቁም ነገር ነው፤ እንደ ዜና አንባቢ። እሱ እየኮሳተረ በሄደ ቁጥር ጭውውቱ ይበልጥ ያስቃል።

ወደ ክሶቹ ልግባ።

አንደኛ፣ «የተሳሳተ ታሪክ ያስተምራል»

ጸሐፊው ምሳሌ ያደረገው የኮሎምበስን ጭውውት ነው። ኮሎምበስ ከመርከቡ ይወርድና የአገሬውን አለቃ ያገኛል። አገኘናችሁ ይለዋል። አለቃው አይቀበልም። እኛ ነን እናንተን ያገኘናችሁ፣ ይኸው ባሕር ዳር ቆማችሁ አገኘናችሁ ይላል። ነገሩ እንደ ተመልካቹ ነው። ጸሐፊው «ኮሎምበስና አለቃው እንዲህ ተባብለው አያውቁም» ብሎ ይከሳል።

ልክ ነው፣ አልተባባሉም። ግን ይህን ሰምቶ «ለካ እንዲህ ተባብለው ነበር» የሚል ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቀልድ መሆኑን ኦርኬስትራው ራሱ ይናገራል። እኔን የሚያስፈራኝ ቀልድ ያልሆነው፣ በቁም ነገር ፊት የሚነገረው ስህተት ነው።

ያ ስህተት ደግሞ ሞልቷል። ኮሎምበስ «ምድር ክብ ናት» ብሎ ሁሉም ሳቀበት የሚለውን ታሪክ አስቡ። በ1492 የተማረ አውሮፓዊ ምድር ክብ መሆኗን ያውቅ ነበር። ክርክሩ ምን ያህል ትልቅ ናት የሚለው ላይ ነበር። በዚያ ደግሞ የተሳሳተው ኮሎምበስ ነው፤ ከእውነተኛው መጠን በጣም አሳንሷት ነበር። «ሁሉም ጠፍጣፋ ናት ብለው ነበር» የሚለውን ያስፋፋው ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1828 ያሳተመው የኮሎምበስ ሕይወት ታሪክ ነው። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ገባ፤ ትውልድ ተማረበት።

ወይም ቤትሲ ሮስን ውሰዱ። የመጀመሪያውን የአሜሪካ ባንዲራ የሰፋች ሴት ትባላለች። ይህን ታሪክ ለሕዝብ ያቀረበው የልጅ ልጇ ነው፤ በ1870። ነገሩ ሆነ ከተባለ መቶ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ አልተገኘለትም። ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን በነጻነት ጦርነቱ የደላዌርን ወንዝ ሲሻገር የሚያሳየውን ስዕልስ? ጀልባው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን? ኢማኑኤል ሎይትሰ የሳለው በ1851 ነው፤ ያውም ጀርመን አገር፣ ዱሰልዶርፍ ተቀምጦ። ስዕሉ ላይ የሚውለበለበው ባለ ኮከብ ባንዲራ ያን ሌሊት አልነበረም። መሻገሩ የተፈጸመው በ1776 የገና ሌሊት ነው። ባንዲራው የጸደቀው በቀጣዩ ዓመት በሰኔ ነው። የኒው ዮርኳ ማንሃተን በ24 ዶላር ተሸጠች የሚለውም እንደዚሁ ነው። የ1626ቱ የደች ደብዳቤ የሚለው 60 ጊልደር (የደች ገንዘብ) ነው። 24 ዶላር የሚለው ሒሳብ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

አሁን የአልበሙን ክፍሎች ተመልከቱ። ኮሎምበስ፣ የማንሃተን ሽያጭ፣ ቤትሲ ሮስ፣ ደላዌር። ፍሪበርግ የመረጣቸው የክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ስዕሎች ነው። አንድ በአንድ አወረዳቸውና ሰው አስገባባቸው። የእሱ ዋሽንግተን ወንዙን ለመሻገር መጀመሪያ ጀልባ መከራየት አለበት። እንዲህ ያለ ክርክር በታሪክ አልተመዘገበም። ግን ያን ጭውውት የሰማ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዞ ይወጣል፦ ጀልባዎቹ ከየት መጡ? ያ ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው። ወደ 2,400 ሰው በበረዶ መሀል በሌሊት የተሻገረው በምን ነበር? መልሱ ብረት ለመጫን የተሠሩ ትልልቅ የዕቃ ጀልባዎች ነው። ቆሞ የሚታየው የጄኔራሉ ስዕል ይህን ጥያቄ አያስነሳም።

ሁለተኛ፣ «በነባሮቹ ሕዝቦች ላይ ያላግጣል»

በከፊል የምስማማው እዚህ ነው። ግን መጀመሪያ የማልስማማበትን ልናገር።

ጸሐፊው የጠቀሰው የምስጋና ቀንን ዘፈን ነው። አዝማቹ በግርድፉ «በዚህ ሳምንት አንድ ሕንድ ምሳ ጋብዙ» ይላል፤ «ሕንድ» የሚለው ነባሮቹን ነው። ጸሐፊው ይህን ብቻ ነጥሎ አውጥቶ «ንቀት ነው» አለ። ዘፋኞቹን ግን አልነገረንም። የሚዘፍኑት ሰፋሪዎቹ ናቸው። ምርጫ ደርሷል፤ ድምፅ ይፈለጋል። ስለዚህ ሰው አክባሪ መስለው መታየት ይፈልጋሉ። የዘፈኑ ሐሳብ፣ ወንድማማች ነን እንበል፣ ብቻ ልማድ እንዳይሆንብን የሚል ነው። እና ንቀቱ የማን ነው? የዘፋኞቹ ነው። ዘፈኑ የተጻፈው እነሱን ለማጋለጥ ነው። አዝማሪ የንፉግ ጌታን ቃል በንፉጉ ድምፅ ሲደግመው የሚሰድበው ንፉጉን አይደለም እንዴ?

ዘመኑንም አስቡ። ያኔ አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በየካቲት «የወንድማማችነት ሳምንት» የሚባል ይከበር ነበር። አንድ ሳምንት። አልበሙ በወጣበት በ1961 በግንቦት ወር፣ ጥቁርና ነጭ አብረው የተሳፈሩበት አውቶቡስ አላባማ ውስጥ አኒስተን አጠገብ በእሳት ጋየ። ያን ዜና የሰማ አድማጭ «በዚህ ሳምንት» የሚለውን ቃል ሲሰማ የት እንደሚወጋ ያውቀዋል።

ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች በኅዳር ከትምህርት ቤት የወረቀት አክሊል አድርጋ መጣች። ላባዎቹ በእጇ ቅርፅ የተቆረጡ ናቸው፤ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ቡናማ። ሙጫው ገና አልደረቀም። «ሕንዶቹና ሰፋሪዎቹ ጓደኛ ሆኑ» አለችኝ። ቆንጆ ነበረች፤ ፎቶ አነሳኋት። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ግን አልተነገራትም። የምስጋና ቀን የሚያስታውሰው ግብዣ በ1621 በሰፋሪዎቹ መንደር በፕሊመዝ እንደነበረ እውነት ነው። የዋምፓኖአግ አለቃ ማሳሶይት ወደ 90 የሚሆኑ ሰዎቹን ይዞ መጥቶ ሦስት ቀን አብረው በልተዋል። ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1676፣ የዚያው የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም በጦርነት ተገደለ። ጭንቅላቱ እዚያው ፕሊመዝ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። አባቱ የተጋበዘበት መንደር።

ከወረቀቱ አክሊልና ከፍሪበርግ ዘፈን ለዚህ እውነት የትኛው ይቀርባል? ዘፈኑ ስለ ሜታኮም አንድ ቃል አይልም። ነገር ግን ግብዣው ከልብ አልነበረም ብሎ ይጠረጥራል። አክሊሉ አይጠረጥርም።

አሁን የምስማማበት። የነባሮቹን ሕዝቦች ድምፅ የሠሩት ነጭ ተዋንያን ናቸው። ንግግራቸው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው፤ ከካውቦይ ፊልም የተቀዳ። ሐሳቡ ብልህ ሆኖ ሳለ አፉ የተኮላተፈ ተደርጓል። ይህ ያኔም ጉድለት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ጆሮ ላይ ይከብዳል። ሌላም አለ፤ ጸሐፊው አላነሳውም፣ እኔ ላንሳው። በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ ስለ ባርነት ራሱን የቻለ ክፍል የለም። የነጻነት አዋጁን ያረቀቀው ጀፈርሰን አለ፤ ባሪያዎች እንደነበሩት የሚያነሳ ጭውውት የለም። ይህ የአልበሙ ትልቁ ባዶ ቦታ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቢጽፍ ኖሮ አብሬው እፈርም ነበር።

ሦስተኛ፣ «አገር ያቆሙ ሰዎችን ያዋርዳል»

እዚህ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ጸሐፊውን ያስቀየመው የነጻነት አዋጁ ጭውውት ነው። ቶማስ ጀፈርሰን ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ቤት ይመጣል። ፈርምልኝ ይላል። ፍራንክሊን ይሸሻል። በድሮው አጻጻፍ የኤስ ፊደል ኤፍ ስለሚመስል እያነበበ ይደናቀፋል። ከዚያ ፍርሃቱ ይወጣል። አንድ ምንም የማያመጣ የሚመስል ወረቀት ትፈርማለህ፣ ትረሳዋለህ፣ ከዓመታት በኋላ ኮሚቴ ፊት ትቆማለህ ይላል። ዘፈኑም «በዚህ ጊዜ ሰው የሚፈርመውን ቢጠነቀቅ ይሻለዋል» የሚል ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ «ፍራንክሊንን ፈሪ አድርጎ ማቅረብ ለአሜሪካኖች ነውር ነው።»

ኮሚቴው ማን እንደሆነ የ1961 አድማጭ ጠንቅቆ ያውቃል። የአሜሪካ ምክር ቤት «ኢ-አሜሪካዊ ተግባራትን» የሚመረምር ኮሚቴ ነበረው። የተቋቋመው በ1938 ነው። በ1947 የሆሊውድ ጸሐፊዎችንና ዳይሬክተሮችን ጠርቶ «ኮሚኒስት ነህ ወይስ ነበርክ?» እያለ ጠየቀ። አንመልስም ያሉ አሥር ሰዎች ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሥራ አጣ። አንዳንዱ የሥራ ማጣቱ ምክንያት በወጣትነቱ የፈረመው አቤቱታ ነበር፤ ወይም የተገኘበት አንድ ስብሰባ። ፍሪበርግ የኖረውና የሠራው እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ በሬዲዮና በካርቱን ድምፅ ሥራ ውስጥ ነው። ያን ፍርሃት ከጎረቤት ነው የሚያውቀው።

እውነተኛውን ፍራንክሊን ደግሞ እንይ። በ1776 ዕድሜው 70 ነው፤ ከ56ቱ ፈራሚዎች ሁሉ ትልቁ። አዋጁ ሐምሌ 4 ጸደቀ። አብዛኞቹ ግን የፈረሙት ነሐሴ 2 ነው። ያ ፊርማ በእንግሊዝ ሕግ ክህደት ነው፤ ቅጣቱ ሞት። የፈራሚዎቹ ስም በሕትመት ይፋ የወጣው ወራት ቆይቶ፣ በጥር 1777 ነው። ያሳተመችው ባልቲሞር ውስጥ ማተሚያ ቤት የነበራት ሜሪ ካትሪን ጎዳርድ የተባለች ሴት ናት። ስሟን ከታች አሳርፋበታለች። እሷም የራሷን ፊርማ አስቀመጠች ማለት እኮ ነው።

ስለዚህ ፊርማ ማስፈራቱ የፍሪበርግ ፈጠራ አይደለም። በግድግዳው ስዕል ላይ ግን ፍርሃት የለም። ሰዎቹ ሁሉ ሐውልት መስለው ቆመዋል። ያልፈራ ሰው ቢፈርም ምኑ ይደንቃል? እኔ ፍራንክሊንን ያከበርኩት ይህን ቀልድ ከሰማሁ በኋላ ነው።

ሸክላው ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር አድርጓል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አባቴ ከእኛ ጋር ነበሩ። ሰማንያን ተሻግረዋል። እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ፈጣን ንግግር ግን ያመልጣቸዋል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋቢያቸውን ደርበው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሳለ ይህን ክፍል ከፈትኩት። እያቆምኩ እተረጉምላቸው ጀመር። ኮሎምበስ ላይ ፈገግ አሉ፤ ያን ያህል አልሳቁም። ፍራንክሊን ጋ ስንደርስ ግን «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ሳቁ። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ።

ከዚያ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢው ጫፍ ጠረጉት።

«ሰውዬው እውነቱን ነው» አሉ። «ፊርማ አይረሳም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ አንድ ወረቀት ዞሮ ነበር። የደመወዝ ጥያቄ ነው። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ፤ እሳቸውም አራተኛው ላይ ፈረሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጠሩ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሰውየው በእስክሪብቶው ጫፍ አራተኛውን መስመር እየነካ «አባባ ይህ ፊርማ የማነው?» አላቸው። ያኔ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ናቸው። «አባባ» ያላቸው ለማሾፍ ነው። ስድስት ወር ታሰሩ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ አልተመለሱም።

አባቴ መታሰራቸውን አውቅ ነበር። ለምን እንደታሰሩ ግን ነግረውን አያውቁም። እናቴ በሕይወት እያለች እንኳ ቤት ውስጥ አይነሳም ነበር። ብዙ ጊዜ በቁም ነገር ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ተወው፣ አልፏል» ነው መልሳቸው። ያፋቸውን መዝጊያ የከፈተው አንድ የፈረንጅ ኮሜዲያን ነው፤ አባቴን የማያውቅ፣ ኢትዮጵያን ያላየ፣ በ2015 የሞተ።

«ቀልድ ታሪክን ያዋርዳል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ የማስበው ያን ከሰዓት ነው። ጸሐፊውን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አባቴ የሳቁት በማን ላይ ይመስልሃል?

አራተኛ፣ «የማስታወቂያ ሠራተኛ ዜማ ነው»

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ፍሪበርግ የማስታወቂያ ሰው መሆኑ እውነት ነው፤ በሙያው ብዙ ሽልማት ወስዷል። ግን ያው ሰው ነው በ1957 ሲቢኤስ ላይ የራሱን የሬዲዮ ፕሮግራም ይዞ ሳለ የሲጋራ ኩባንያ ስፖንሰር አልቀበልም ያለው። ፕሮግራሙ 15 ሳምንት ብቻ ቆየ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ገናን መሸጫ ያደረጉ የማስታወቂያ ሰዎችን የሚወቅስ ሸክላ አወጣ። የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ነው፤ ስብከቱ ከቀልዱ ስር ይሰማል። ቤትሲ ሮስ ጄኔራል ዋሽንግተን በባንዲራው ላይ አስተያየት ሲሰጣት፣ «ሁሉም ሰው አርት ዳይሬክተር መሆን ያምረዋል» ብላ ስትዘፍን፣ የሚሰማው ሥራውን ደንበኛ ያበላሸበት ባለሙያ ብሶት ነው። ይህን የሚጽፈው ሙያውን የኖረበት ሰው ብቻ ነው።

ዜማዎቹን ያቀናበረው ቢሊ ሜይ ነው፤ ለፍራንክ ሲናትራ ያቀናበረው ሰውዬ። አልበሙ መድረክ ያጣ ሙሉ ሙዚቃዊ ቲያትር ነው። እንዲያውም ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሜሪክ ወደ ብሮድዌይ፣ ወደ ኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች፣ ሊወስደው ሞክሮ ሳይሆን ቀርቷል። ሁለተኛው ቅጽ የወጣው በ1996 ነው፤ ከ35 ዓመት በኋላ። ጸሐፊው ይህን መዘግየት «ማንም ስላልፈለገው ነው» ይላል። የማይፈለግ ሥራ ከ35 ዓመት በኋላ ተከታይ አይወጣለትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፍሪበርግ የሬዲዮን ጉልበት የሚያሳይ አንድ ማስታወቂያ ሠርቶ ነበር። ሚሺጋን ሐይቅ ይደርቃል፤ በትኩስ ቸኮሌት ይሞላል፤ 700 ጫማ የክሬም ተራራ ይገፋበታል፤ የካናዳ አየር ኃይል አሥር ቶን የሚመዝን ቼሪ ከላይ ይጥልበታል። ሕዝብ ይጮኻል። ከዚያ «ይህን በቴሌቪዥን ሞክሩት እስቲ» ይላል። በእሑድ ጠዋት የሬዲዮ ድራማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለማመን አይቸገርም። እኛ በር ሲጢጥ ሲል ሰምተን ቤቱን በሙሉ ያየን ሰዎች ነን።

አምስተኛ፣ «ወደ እኛ ታሪክ አታምጡት»

ጸሐፊው «ይህ ለባህላችን ባዕድ ነው» ይላል። እዚህ ላይ በጣም ነው የማልስማማው።

የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ኮሜዲ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከመቶ ዓመት በፊት ጽፈው ያሳዩት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በአውሬ አፍ መንግሥትን ወቀሱ፤ ቲያትር ለተወሰነ ጊዜ ታገደ። የአለቃ ገብረ ሃናን ቀልድ ያልሰማ ማን አለ? ተስፋዬ ካሳን፣ ደረጀና ሀብቴን በካሴት ሰምተን ያደግን ነን። አዝማሪውማ የታሪክ መዝገባችን ነው። ሰምና ወርቅ የፈለሰፈ ሕዝብ በታሪክ ላይ መቀለድን ከማን ይማራል?

አዝማሪ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ደግሞ ጠላት ያውቅ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እያደናችሁ ግደሉ የሚል ትእዛዝ አወጣ። መሰንቆ የያዘ ሰው ከታጠቀ እኩል ተቆጠረ። ሳቅና ዘፈን ታሪክን የሚያቀል ነገር ቢሆን ኖሮ ግራዚያኒ ይፈቅደው ነበር።

ጸሐፊው «ስለ አድዋ ቀልድ ልትሠሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በሞቱት ላይ ማንም አይቀልድም፤ እኔም አልፈቅድም። የየካቲት 23ን ሜዳ ማንም አይነካውም። ግን ወደዚያ ሜዳ ያደረሰውን ነገር እንይ። የውጫሌ ውል፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መነጋገር «ይቻላቸዋል»። በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ይሆናል። በአንድ ቃል አገር ልትወሰድ ነበር። እስቲ ጭውውቱን አስቡት፦ የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንቴ አንቶኔሊ ያውቃል፣ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። አስተርጓሚው መሀል ቆሟል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። አንዱ «ይቻላል ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። ሌላው «ይቻላል ማለት... ይቻላል ማለት ነው» ይላል። እቴጌ ጣይቱ ከጎን ሆነው እያንዳንዷን ቃል እየመዘኑ ነው።

ይህ ጭውውት ራሱን በራሱ ጽፎ የተቀመጠ ነው። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን አምስት ደቂቃ ቢሰማ አንቀጽ 17 ምን እንደሆነ ዕድሜ ልኩን አይረሳም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ቁጥሩን ሸምድጄ ለፈተና ጻፍኩት፤ ትርጉሙ የገባኝ ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው እጃችሁን አትሰብስቡ ነው። ውሉን በሁለቱም ቋንቋ አንብቡ፤ ቀኑን አትሳቱ፤ የማን ድምፅ በማን አፍ እንደሚነገር አስቡበት፤ ፍሪበርግ የተሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ከዚያ ቅረጹት።

ይህን ሐሳብ ባለፈው እሑድ ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። አሁን አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ትንሽ አሰቡና አንቀጹን በጽሑፍ ላክልኝ አሉኝ፤ ሁለቱንም፣ የአማርኛውንም የጣሊያንኛውንም። የአስተርጓሚውን ድምፅ እሳቸው ሊሠሩ ይፈልጋሉ።